የመሪ ራክ ማጠንከር፦ ከጥርጊያ ውጭ ለሚነዳ መኪና ዝርዝር መመሪያ

ቋጥኝ ላይ ወጥቼ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። የቀኙ ጎማ ታዘዘኝ። የግራው ግን ንቅንቅ አላለም። ወርጄ ሳይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እንደተኳረፉ ሰዎች አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ዞረዋል። የተሰበረው የውስጥ ቴስቲኒ ነበር፤ ይኸውም የመሪውን ራክ ወደ ጎማው ከሚሄደው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ።

ተጎትቼ ተመለስኩና ብዙ ሰው የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ። ያገኘሁትን በጣም ወፍራም ታይ ሮድ (ከራኩ ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ) ገጠምኩ። እሱ በእርግጥም አልተሰበረም። ቀጥሎ የታጠፈው የራኩ ዘንግ ራሱ፣ ማለትም መሪው ሲዞር ታይ ሮዶቹን ግራና ቀኝ የሚገፋው፣ ሆነ። ታይ ሮድ ጭቃ ላይ ተንበርክኮም ይቀየራል። የራክ ግን ጣጣው ብዙ ነው፤ ዘይት አለ፣ ቱቦ አለ፣ ግማሽ የመኪናው ሆድ መፈታት አለበት። አንዱን ክፍል ባጠነከርኩ ቁጥር ጉልበቱ ወደሚቀጥለው ደካማ ክፍል እንደሚሸጋገር የገባኝ ያኔ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ አቅም ሲያልቅ ቀድሞ እንዲሰበር የምፈልገው የቱ ነው? የእኔ መልስ ታይ ሮድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ መልስ ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ ራክ መኖሩን እዩ

ቀልድ አይደለም። ወጥ የፊት አክስል ያላቸው ብዙ መኪኖች ራክ የላቸውም። ላንድ ክሩዘር 80፣ ኒሳን ፓትሮል ዋይ 61 እና ሱዙኪ ጂምኒ የሚዞሩት በመሪ ሳጥን ነው። የእነሱ ሕክምና ሌላ ነው። ራክ የሚገኘው ግራና ቀኝ የፊት እግራቸው ለየብቻው በሚንቀሳቀስ መኪኖች ላይ ነው፦ ፕራዶ 90፣ 120 እና 150፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ያለው ሃይለክስ፣ ታኮማ፣ አዲሶቹ ፎርድ ሬንጀሮች፣ እነዚህን የመሳሰሉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ፒኒዮን የሚባል ትንሽ ጥርሳም ጊር አለ። እሱ ሲዞር ጥርስ የተቀረጸበትን ረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ ይገፋል። ያ ዘንግ ነው ራክ፤ ሰው ግን ከነሽፋኑ ሁሉንም ራክ ይለዋል። በዘንጉ ሁለት ጫፎች የውስጥ ቴስቲኒዎች አሉ። ከእነሱ ታይ ሮዱ ይወጣል፤ በውጭ ቴስቲኒው በኩል ጎማውን ከተሸከመው ናክል ጋር ይያያዛል። በሃይድሮሊክ የሚሠራ ከሆነ ራኩ ውስጥ ፒስተን አለ፤ ፓምፑ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 100 ባር በሚደርስ ግፊት ዘይት እየላከ ያግዘዋል። በአዲሶቹ መኪኖች ደግሞ እገዛው ከኤሌክትሪክ ሞተር ይመጣል።

ራክን የሚሰብረው ምንድን ነው?

ሁሉም ሰው ጣቱን ወደ ትልቅ ጎማ ይቀስራል። እውነት አለው፤ ግን ግማሹን ነው። 265/70 አር 17 ጎማ ቁመቱ 803 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 285/70 አር 17 ደግሞ 831። ልዩነቱ 28 ሚሊ ሜትር ብቻ። ክብደቱና ስፋቱ ሲጨመር ግን ድንጋይ መካከል የተሰነቀረ ጎማን ለማዞር የሚጠየቀው ጉልበት በደንብ ያድጋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቸርኬው ነው። ኦፍሴቱ (ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት) ከ30 ሚሊ ሜትር ወደ 0 ሲወርድ ጎማው 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። መኪናው ደረቱን የነፋ ይመስላል፤ ያምራልም። ነገር ግን ጎማው የሚዞርበት መስመርና ጎማው መሬት የሚረግጥበት መሃል ተራራቁ ማለት ነው። ድንጋይ ጎማውን ወደ ኋላ ሲመታው ያ ርቀት እንደ ቁልፍ እጀታ ይሠራል። እጀታው በረዘመ ቁጥር ታይ ሮዱ ላይ የሚደርሰው ምት ይከብዳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ አንዳንዱ መኪና አዲስ ራክ ሳያስፈልገው ወደ ቀድሞ ቸርኬው ቢመለስ ችግሩ ያልቅ ነበር።

ቀጥሎ መኪናውን ከፍ ማድረግ አለ። ከፍ ሲል ራኩ ከአካሉ ጋር ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጎማው ግን መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ታይ ሮዱ ከአግድም ይወጣና ይዘማል። 10 ዲግሪ ሲዘም ከግፊቱ 18 በመቶ ያህል የራኩን ጫፍ ለማጠፍ ይሠራል። 20 ዲግሪ ሲደርስ 36 በመቶ ይሆናል። ራክ የተሠራው ግራና ቀኝ ለመግፋት ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች መታጠፍ ጠላቱ ነው። እስከ 50 ሚሊ ሜትር ያለ ጭማሪ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ከራኩ በፊት የታይ ሮዱን ዝማሜ መፍታት አለባችሁ።

የመጨረሻው ሰባሪ ሹፌሩ ነው። መኪናው ቆሞ መሪ መጠምዘዝ፣ የፊት ዲፈረንሺያል ተቆልፎ መሪውን እስከ ጥግ ይዞ ነዳጅ መርገጥ። የእኔ የተሰበረው በዚሁ ነበር፤ ሰበብ አልፈልግም።

ያለውን ሳትመረምሩ አዲስ አትግዙ

መሪው የሚዋልለው ራኩ ስላለቀ ላይሆን ይችላል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፤ ሞተሩን አስነሡ። አንድ ሰው መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሽ በትንሹ ያወዛውዝ። እናንተ ከፊት ሆናችሁ የራኩን አካል ተመልከቱ፤ ክሪክ ብቻ ወደያዘው መኪና ሥር ግን አትግቡ። የራኩ አካል በሞላ በማሰሪያዎቹ ውስጥ ወዲህ ወዲያ የሚሄድ ከሆነ ያለቀው ጎሚኒው (ማሰሪያው ውስጥ ያለው ላስቲክ) ነው። ጎሚኒ መቀየር ደግሞ ሙሉ ራክ ከመቀየር በብዙ ይቀላል።

የራኩ አካል ጸጥ ብሎ ታይ ሮዱ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጎማውን አንሱና በሰዓት 3 እና 9 ቦታ ይዛችሁ አወዛውዙ። ሌላ እጅ የራኩን ጫፍ የሚሸፍነውን አኮርዲዮን ላስቲክ ጨበጥ ያድርግ። ክፍተቱ እዚያ ውስጥ ከተሰማ የውስጥ ቴስቲኒ ነው። በ12 እና በ6 ስታወዛውዙ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ነው፤ ከራክ ጋር ግንኙነት የለውም።

አኮርዲዮን ላስቲኩን በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ውስጡ ዘይት ከተንቦጫቦጨ የራኩ ማተሚያ ጎማ አልቋል። ጭቃና ውሃ ከገባም ዘንጉ ዝጎ ይሆናል። ያኔ ሙሉ ራክ መቀየር ትክክል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ራኩ ላይ ዘንጉን ወደ ፒኒዮኑ የሚያስጠጋ ማስተካከያ ብሎን አለ። ክፍተት በተሰማ ቁጥር እሱን የሚያጠብቅ መካኒክ ታገኛላችሁ። ለጊዜው የተስተካከለ ይመስላል። ከዚያ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ መመለስ እምቢ ይላል፤ ጥርሶቹም ይበላሉ። አታስነኩት።

ምን ያህል ማጠንከር?

ጎሚኒውን ከላስቲክ በሚጠነክረው ፖሊዩሬቴን መቀየር የመጀመሪያው እርከን ነው። የመሪውን ምላሽ ያፈጥነዋል፤ ትንሽ ንዝረትም ወደ እጅ ያመጣል። ሲገጠም የሲሊኮን ግሪስ ይቀባ። የተራ ነዳጅ ዘር ግሪስ ያላበሳችሁት እንደሆነ ሲንጫጫ ትሰማላችሁ።

ሁለተኛው ጠንካራ ታይ ሮድና ቴስቲኒ ነው። ትልልቅ ጎማ ላለው መኪና ይህ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን የመግቢያዬን ታሪክ አስታውሱ። የራኩ ዘንግ ከሚችለው በላይ የሚችል ታይ ሮድ መግጠም ፊውዙን አውጥቶ ምስማር እንደመሰካት ነው።

ሦስተኛው ራሱ ራኩ ነው። ወፍራም ዘንግ፣ ሰፋ ያሉ ጥርሶች፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው። አንዳንዱ ከዚያው አምራች ከባድ ሞዴል ላይ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዱ ለውድድርና ለከባድ አገልግሎት ተብሎ የተሠራ።

ራክ ስትመርጡ ከጥንካሬው በፊት ልኩን እዩ። የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀት አንድ መሆን አለበት። የፒኒዮኑ ጥርስ ቁጥር ከመሪው ዘንግ መቀበያ ጋር መግጠም አለበት። የቱቦዎቹ መግቢያ፣ የቴስቲኒው ጥርስ፣ ሁሉም ይመሳከር። ከሁሉ በላይ ግን በሁለቱ የውስጥ ቴስቲኒዎች መካከል ያለውን ርቀትና ራኩ የሚቀመጥበትን ከፍታ ለኩ። ታይ ሮዱ ከላይኛውና ከታችኛው ብራቾ (ናክሉን ከሻንሲው ጋር ከሚያያይዙት ክንዶች) ጋር ተስማምቶ መውጣትና መውረድ አለበት። ያ ስምምነት ከፈረሰ መኪናው ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር እናንተ ሳታዞሩት ራሱ ይታጠፋል። «በትንሹ ብየዳ አድርገን እናስጠጋዋለን» የሚል ሐሳብ ከመጣ ተውት። 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ፍጥነት ላይ ያለ መኪናን አስፈሪ ሊያደርገው ይችላል።

የማዞሪያ ፍጥነቱም ያታልላል። መሪው ከጥግ እስከ ጥግ 3.5 ጊዜ ይዞር የነበረ መኪና 2.5 የሚዞር ራክ ሲገጠምለት ፈጣን ይሆናል። በዚያው ልክ መሪው ይከብዳል፤ ፓምፑም በአጭር ጊዜ ብዙ ዘይት ማድረስ ይጠበቅበታል። በቋጥኝ መካከል ቀስ እያሉ ለሚሄዱ ሰዎች የቀድሞው ፍጥነት ይሻላል እላለሁ። አሸዋ ላይ ለሚበር መኪና ግን ፈጣኑ ጥሩ ነው።

ራኩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ አዲሱ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር መተዋወቅ አለበት። የመመርመሪያ መሣሪያ የሌለው ሰው አይጀምረው። ከዚህ በኋላ የምተርከው በዋናነት ስለ ሃይድሮሊኩ ነው።

መፍታት

የሚያስፈልጓችሁ፦ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት መቆሚያ)፣ ክሪክ፣ የቡሶላ ስብስብ፣ የቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ)፣ የቴስቲኒ ማውጫ፣ የቱቦ ዳዶ ቁልፍ (ዳዶውን ከሁሉም አቅጣጫ የሚያቅፈው)፣ ሜትር፣ ቀለም ወይም ማርከር፣ ዘይት መቀበያ ሳህን። አዲስ ኮፒሊያዎች (ዳዶው እንዳይፈታ የሚገቡ ስንጥቅ ሽቦዎች) እና ለቱቦዎቹ አዲስ ሮንዴላ ወይም ኦሪንግ ቀድማችሁ አዘጋጁ። የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ አግኙና የእያንዳንዱን ብሎን የማጥበቂያ ልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፊት ለፊታችሁ ለጥፉ። ከሌላ መኪና የተዋሳችሁትን ቁጥር አትጠቀሙ።

ከአንድ ቀን በፊት ሁሉንም ብሎንና ዳዶ ዝገት ማለስለሻ ርጩባቸው። ይቺ የአምስት ደቂቃ ሥራ በማግስቱ ሦስት ሰዓት ታድናለች።

1. መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ። የኋላ ጎማዎችን አስደግፉ።

2. የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ። መሪው ውስጥ ያለው ኤርባግ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

3. መሪውን እሰሩት። የደህንነት ቀበቶውን በመሪው ውስጥ አሳልፎ መቆለፍ ይሠራል። ይህን ያልኩት ለወግ አይደለም። ከመሪው ሥር ለኤርባጉ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ እንደ ሰዓት ምንጭ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። የመሪው ዘንግ ከራኩ ከተለየ በኋላ መሪው በነጻ ከዞረ ያ ሽቦ ይበጠሳል፤ ወይም ከመሃል ውጭ ይቀመጥና መጀመሪያ እስከ ጥግ ስታዞሩ ይበጠሳል። ከራኩ ይበልጥ የሚያበሳጭ ጥገና ነው።

4. የጎማ ዳዶዎችን ላላ አድርጉ፤ መኪናውን አንሱ፤ ካቫሌቶዎቹን ከሻንሲው ሥር አስገቡ። መኪናውን ገፋ አድርጋችሁ ጽናቱን ፈትኑ። ከዚያ ጎማዎቹን አውጡ። ከታች መከላከያ ብረት ካለ ፍቱት።

5. አሁን ለኩ። ከውጭ ቴስቲኒው መሃል እስከ ራኩ አካል ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ጻፉ። ፎቶ አንሡ። የመሪው ዘንግና ፒኒዮኑ በሚጋጠሙበት ቦታ በሁለቱም ላይ የሚያልፍ የቀለም መስመር አድርጉ። ዛሬ የማይረባ የሚመስል ሥራ ነው፤ ማታ ግን ትመርቁኛላችሁ።

6. የውጭ ቴስቲኒውን ኮፒሊያ አውጡ። ዳዶውን ፍቱ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ይያዝ። በማውጫ መሣሪያው አስጨንቁት። እምቢ ካለ የናክሉን ጎን በመዶሻ በደንብ አንድ ሁለቴ ምቱት፤ ሾጣጣው ዘንግ ጧ ብሎ ይለቃል። የቴስቲኒውን ጥርስ ራሱን ከመታችሁት ዳዶው ዳግም አይገባም። ሹካ መሳዩ መሣሪያ ላስቲኩን ይቀድዳል። የሚጣል ቴስቲኒ ካልሆነ አትጠቀሙበት።

7. የመሪውን ዘንግ ከፒኒዮኑ ጋር የሚያጣብቀውን ብሎን ሙሉ በሙሉ አውጡ። ማላላት አይበቃም። ብሎኑ ፒኒዮኑ ላይ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚያልፍ ካልወጣ ዘንጉን አይለቀውም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ መዶሻ ያነሣል፤ ጥፋቱ የእሱው ነው።

8. ሳህኑን ከታች አድርጉና ቱቦዎቹን ፍቱ። የቱቦ ዳዶ ቁልፍ ተጠቀሙ፤ ተራ ክፍት ቁልፍ ጠርዙን ይበላዋል። የቱቦዎቹን አፍ ወዲያው በንጹሕ ፕላስቲክ ድፈኑ። አንዲት የአሸዋ ፍንጣሪ አዲሱን ራክ ለመግደል ትበቃለች።

9. የራኩን ማሰሪያ ብሎኖች ፍቱ። በብዙ መኪኖች ላይ የፊት እስታቢላይዘሩን (መኪናው ወደ ጎን እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ) ዝቅ ማድረግ ግድ ይላል። ራኩ በጎማ ማስገቢያው በኩል ወደ ጎን ተንሸራቶ ይወጣል። ከባድና ቅባታም ነው፤ የሰው እርዳታ ይኑር። ሲወጣ ማዘንበል፣ ማዞር፣ መሳደብም ሊያስፈልግ ይችላል።

ከመግጠም በፊት

ሁለቱን ራኮች መሬት ላይ ጎን ለጎን አስተኙ። በዓይን ሳይሆን በሜትር አወዳድሩ። አንዲት ልዩነት ካለች አሁን ነው መመለስ ያለባት፤ ከተገጠመና ዘይት ከነካ በኋላ ማንም አይቀበላችሁም።

የሻንሲውን ማሰሪያ ቦታ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ስንጥቅ ፈልጉ። ጠንክሮ የተነዳ መኪና ላይ የማሰሪያው ብረት ብየዳ አጠገብ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይኖራል። የተሰነጠቀ ሻንሲ ላይ የተገጠመ ጠንካራ ራክ ሻንሲውን ይዞ ይሄዳል። ብየዳውን ለሚችለው ስጡ፤ እናንተ ከቻላችሁም ባትሪው መፈታቱን አትርሱ።

አሮጌው ዘይት ጠቁሮ ከነበረ ወይም የብረት ብናኝ ካያችሁ ሥርዓቱን እጠቡት። የመመለሻውን ቱቦ ወደ ባዶ ጠርሙስ አዙሩ፤ የማጠራቀሚያውን የመመለሻ ቀዳዳ ድፈኑ፤ በግፊት ቱቦው በኩል የቆየውን ዘይት አፍስሱ። የማጠራቀሚያው ወንፊት ከታፈነ አዲስ አድርጉት። ይህን ዘልለው አዲስ ራክ የገጠሙ ሰዎች በወራት ውስጥ ሲመለሱ አይቻለሁ።

አዲሱን ራክ መሃል አድርጉት። ፒኒዮኑን በእጅ እስከ አንዱ ጥግ አዙሩ፤ ከዚያ እስከ ሌላው ጥግ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩ፤ በግማሹ መልሱት። 3 ዙር ከሆነ 1.5። ዘንጉ በሁለቱም ጎን እኩል መውጣቱን በሜትር አረጋግጡ። ስታዞሩ የሚወጣውን የፋብሪካ ዘይት ጨርቅ ላይ ተቀበሉት።

የውስጥ ቴስቲኒ የምትቀይሩ ከሆነ ዘንጉን ራሱን በቁልፍ ያዙት። ዘንጉ ሳይያዝ ቴስቲኒውን ብታጠብቁ ጠምዛዛው ጉልበት የሚያርፈው ፒኒዮኑ ጥርስ ላይ ነው። አዲስ ራክ ሳይገጠም የሚበላሸው እንዲህ ነው።

መግጠም

ራኩን በመጣበት መንገድ አስገቡት። ፒኒዮኑ ወደ መሪው ዘንግ ሲገባ የቀለም መስመራችሁን ተከተሉ። አዲሱ ራክ ላይ መስመር ስለሌለ መሪው ቀጥ ብሎ፣ ራኩ መሃል ሆኖ መጋጠማቸው ነው ዋናው። አንድ ጥርስ ዘሎ የገባ እንደሆነ መሪው ጠማማ ይቆማል።

ሁሉንም የማሰሪያ ብሎኖች በእጅ አስጀምሩ። ቱቦዎቹንም እንዲሁ፤ በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ሳይገባ ቁልፍ አይንካቸው። ራኩ ትንሽ እየተንቀሳቀሰ እያለ ቱቦዎቹን ማስጀመር ይቀላል። ሁሉም ከያዘ በኋላ የማሰሪያ ብሎኖችን በተራ፣ በሁለት ጊዜ፣ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ከዚያ ቱቦዎቹን በአዲስ ሮንዴላ።

የመሪው ዘንግ ብሎን የፒኒዮኑ ጎድጓዳ ውስጥ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ካልገባ አትገፉት፤ ዘንጉ በትክክል አልገባም ማለት ነው። ይህ ብሎን ከወጣ መሪው በእጃችሁ ይዞራል፤ ጎማው ግን አይሰማም። እኔ ካጠበቅኩት በኋላ ቀለም እቀባዋለሁ፤ መኪና ሥር በገባሁ ቁጥር ቀለሙ አለመሰንጠቁን አያለሁ።

የውጭ ቴስቲኒዎቹን በጻፋችሁት ርቀት ልክ አስገቡ። ጥርሳቸው ላይ ግሪስ ወይም ዝገት መከላከያ ቀቡ፤ ሜዳ ላይ መፍታት ሲመጣ ዋጋውን ታያላችሁ። ዳዶውን በልኩ አጥብቁ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ጨምሩ እንጂ አታላሉት። አሮጌ ኮፒሊያ ደግሞ አይመለስ።

ዘይትና አየር

የትኛው ዘይት እንደሚገባ የማጠራቀሚያው ክዳን ወይም መጽሐፉ ይነግራችኋል። ብዙ ቶዮታዎች ዴክስሮን 2 ወይም 3 የካምቢዮ ዘይት ይጠቀማሉ። ሌሎች አረንጓዴውን ልዩ ሃይድሮሊክ ዘይት ይፈልጋሉ። ሁለቱን መቀላቀል ማተሚያ ጎማዎቹን ያበላሻል።

የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማጠራቀሚያውን ሙሉት። የመሪ መቆለፊያው እንዲለቅ ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ አዙሩ። መሪውን ቀስ ብላችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ከ15 እስከ 20 ጊዜ አዙሩ። አንድ ሰው ዘይቱን ይከታተል፤ በጎደለ ቁጥር ይሙላ። ይህን ሳያደርጉ ሞተር ማስነሳት ፓምፑ አየሩንና ዘይቱን እንደ እርጎ እንዲንጠው ማድረግ ነው። አረፋው እስኪረጋ ሰዓታት ይፈጃል።

ከዚያ ሞተሩን አስነሡ፤ ባለበት ዝቅተኛ ዙር ይሥራ። መሪውን እንደገና ጥቂት ጊዜ አዙሩ። ጥግ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ አትያዙት፤ ግፊቱ ጣሪያ ይነካል፤ ዘይቱም ይግላል። ዘይቱ ከነጣ ወይም ፓምፑ ካጉረመረመ አየር አለ። አጥፉት፤ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ ድገሙት።

ጥግ እስከ ጥግ ፍተሻ

ብዙ መመሪያ ይህን ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን የሥራው ልብ ነው። ጎማዎቹን መልሱ፤ መኪናው ገና ካቫሌቶ ላይ ይሁን። እግሮቹ እስከ ታች ተንጠልጥለው መሪውን እስከ ግራ ጥግ፣ ከዚያ እስከ ቀኝ ጥግ ውሰዱ። ከዚያ አንዱን ጎማ ከታች በክሪክ ወደ ላይ ግፉና ድገሙት። ቱቦ ተወጥሯል? ታይ ሮዱ ቸርኬውን ይነካል? የአክስሉ ላስቲክ ከምንም ጋር ይፋጫል?

ቀጥሎ ማቆሚያዎቹን እዩ። ናክሉ ላይ መዞሪያውን የሚገድብ ማቆሚያ ያለው መኪና ከሆነ፣ እሱ ራኩ ውስጡ ከመጋጨቱ በፊት መንካት አለበት። ቀድሞ የሚጋጨው ራኩ ከሆነ ድንጋይ የሚመታው እያንዳንዱ ምት ወደ ራኩ ሆድ ይገባል። አዲሱ ራክ ከድሮው ረዘም ብሎ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የአክስሉ መገጣጠሚያ ከሚችለው በላይ ይታጠፋል። ለዚህ ከውስጥ ቴስቲኒው ሥር የሚገባ ጉዞ መገደቢያ ቀለበት አለ። መኪናው ለመዞር ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ አክስል ከመስበር ግን ይሻላል።

አላይመንት፣ ቢያንስ እስከ ባለሙያው ድረስ

መኪናውን አውርዱና ጥቂት ሜትሮች ወደፊትና ወደ ኋላ ውሰዱት፤ እግሮቹ ቦታቸውን ይያዙ። የሁለቱን የፊት ጎማዎች ርቀት በሜትር ለኩ፤ አንዴ ከፊታቸው፣ አንዴ ከኋላቸው፣ በጎማው መሃል ከፍታ ላይ። ከፊት ያለው እኩል ወይም እስከ 3 ሚሊ ሜትር የጠበበ ከሆነ ለጊዜው ይነዳል። ትክክለኛውን ቁጥር መጽሐፉ ይሰጣችኋል።

ለማስተካከል ታይ ሮዱን ስታዞሩ ጠንቀቅ በሉ። ጥርሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። የናክሉ ክንድ 150 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ጎማው 800 ሚሊ ሜትር ቁመት ቢኖረው፣ ያቺ አንድ ዙር በጎማው ፊትና ኋላ መካከል ወደ 8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ታመጣለች። ስለዚህ በሩብ ዙር ሥሩ፤ በሁለቱም ጎን እኩል አዙሩ። አንዱን ጎን ብቻ ካዞራችሁ መሪው ጠማማ ይሆናል። አኮርዲዮን ላስቲኩ አብሮ እንዳይጠመዘዝ ማሰሪያውን አላሉት። መጨረሻ ላይ መቆለፊያ ዳዶውን አጥብቁ። ይህ ሁሉ እስከ ባለሙያው ለመድረስ ነው፤ የማሽን አላይመንት አይቀርም። የመሪ ማዕዘን ሴንሰር ያላቸው መኪኖችም ያኔ ይስተካከሉ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሰው በሌለበት ቦታ፣ በዝግታ አድርጉ። መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ይመለሳል? ቀጥ ባለ መንገድ ወደ አንድ ጎን ይስባል? ፍሬን ሲያዝ ይዞራል? ተመለሱና ቱቦዎቹ ሥር ወረቀት ዘርግታችሁ አሳድሩት። ጠዋት የዘይት ጠብታ ካለ ከየት እንደመጣች ወረቀቱ ይናገራል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የማሰሪያዎቹን፣ የመሪው ዘንጉንና የቴስቲኒዎቹን ብሎኖች በቶርክ ቁልፍ ዳግም ፈትሹ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ከባድ ጉዞ በኋላ ቀለሞቹን ማየት ይበቃል።

የመኪና ምርመራና የመድን ሕግ በየአገሩ ይለያያል፤ የመሪ ለውጥን የማይፈቅድ ወይም እንዲመዘገብ የሚያዝ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ።

መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው

አንድ የውስጥ ቴስቲኒ፣ አንድ የውጭ ቴስቲኒ፣ ሁለት ዳዶ፣ አራት ኮፒሊያ፣ ለላስቲኩ ማሰሪያ የሚሆን ሽቦ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ትልቅ የሚስተካከል ቁልፍ። እኔ አሮጌዎቹን፣ ገና ያላለቁትን ታይ ሮዶች አልጣልኩም፤ አጽድቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከመቀመጫው ሥር አድርጌአቸዋለሁ። የውጩ ቴስቲኒ ስንት ዙር ገብቶ እንደነበር ጨርቁ ላይ ጻፉት። ግራ 21 ዙር፣ ቀኝ 22 ብሎ የተጻፈ ጨርቅ ያለው ሰው ጨለማ ላይ ሜትር አይፈልግም።